አጎቴ የላጡት ላስቲክ

ዛሬ ማታ አፌን ሞልቼ ጭቃ በላሁ። በረት በረት ይላል፣ ገና እየተፋሁ ነው።

የጭቃ ላይ የመኪና ውድድር ነበረኝ። እስከ ሦስተኛ ብወጣ የዓመቱ ፋይናል እገባ ነበር።

የሄልሜታችን መስታወት ላይ ስስ ላስቲኮች ይደረባሉ። ጭቃ ሲሸፍነን አንዱን ልጠን ጥለን እንነዳለን።

ሁለተኛ ሆኜ ስነዳ ጭቃው ፊቴ ላይ ተለጠፈ። እጄን ብሰድ አንድም ላስቲክ የለም። መስታወቱን ከፍ ሳደርግ አፌ ሞላ፣ ሰባተኛ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ላስቲኩን ማን ነካው?» አልኳቸው ሊረዱኝ አብረውኝ የመጡትን አጎቴን።

«እኔ ነኛ። አዲስ ዕቃ ገዝተህ ላስቲኩን አታነሳም እንዴ፣ ሰነፍ።»

ይህን የሚሉኝ ኬኒንግተን ባለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ከነላስቲኩ ስንት ዓመት የተቀመጡ ሰውዬ ናቸው።

«አይዞህ፣ ለከርሞ መኪናዋንም እኔ አዘጋጅልሃለሁ» ብለውኛል።

እናንተንስ የትኛው ዘመድ ልርዳ ብሎ ጉድ ሠራችሁ? ጻፉልኝ፣ አፌን እየተጉመጠመጥኩ አነባለሁ።