ሁለት ቀን ዕረፍት

ዛሬ ሐሙስ ባለቤቴ ከሥራ ቀደም ብሎ ገባና፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ነገ ኦፍ ወስጃለሁ። አርቪ ተከራይተን ወጣ እንበልና ሪላክስ እናድርግ። ስልክ ምናምን ቤት እንተወው» አለኝ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንደ ቤት በሚታደርበት መኪና መጓዝ ቀርቶ ድንኳን እንኳ ተክሎ የማያውቅ ሰው ነው። እሺ ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ፤ እዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ የሃይስኩል ተማሪ ሳለሁ፣ የምንኖረው ሎረንስቪል ነበር። አባቴ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሁለት ሺፍት ትሠራለች። ቁጭ ብላ ስትበላ አይቻት አላውቅም፤ ቆማ ነው የምትጎርሰው።

አንድ ሐሙስ አባቴ ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ መጣና መኪናውን ሳያስነሣ ነገረኝ። ናዝሬት ያለው የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ወርቁ፣ ሞቷል። ወላጆቿ በልጅነቷ ሞተውባት ያሳደጋት እሱ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ የሚደግፋት ክንድ በቅርብ ሲኖር ነው። አብሮ አደጓ ከዳላስ የምትደርሰው ቅዳሜ ማታ ስለሆነ፣ እናቴን እስከ እሑድ ከስልክ ማራቅ ነበረብን።

አባቴ ከአንድ ፈረንጅ ባልደረባው አርቪ ተዋሰ፤ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ጣሪያው የሚያፈስ አሮጌ መኪና። ደክሞሻል፣ ትንሽ ማረፍ አለብሽ አላት። አንድ ቀን ከሥራ መቅረት ሞት የሚመስላት እናቴ ያለ ክርክር እሺ አለች።

ዓርብ ሄደን ያረፍንበት ቦታ በጥድ የተከበበ የጠጠር ሜዳ ነው። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የኤሌክትሪክ መሰኪያና አንድ የተሰነጠቀ የእንጨት ጠረጴዛ አለው፤ ሌላ ምንም የለም። ጥቅምት ነበርና የጥዱ ቅጠል እየረገፈ ምግባችን ውስጥ ይገባል። አባቴ ሥጋ ጠበሰ፤ ውጭው አረረ፣ ውስጡ ጥሬ ቀረ። እናቴ እየሳቀች፣ ቁጭ ብላ በላችው። «ጋሼ ይህን ጥብስ ቢቀምስ ኖሮ ያፋታኝ ነበር» አለች።

ቅዳሜ ታጣፊ ወንበር ላይ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ፀሐይ ላይ ተኛች። ከሰዓት ስትነቃ ስለ ወንድሟ ማውራት ጀመረች፤ ክረምት ላይ ጎርፉን እንዴት አዝሎ እንደሚያሻግራት፣ ጫማዋ እንዳይርስ እንዴት በብብቱ እንደሚይዝላት። አባቴ እንጨት ልልቀም ብሎ ተነሥቶ ሄደ። እኔ መሄጃ አጥቼ አዳመጥኳት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኛ ስንቅ ቀለለ፣ ውሸቱ ግን እያደር ከበደኝ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። አባቴ፣ ሰውዬው ቤተ ክርስቲያን ሳይሄድ መኪናውን ልመልስለት ብሎ ዋሸ። መንገድ ላይ ነዳጅ ሊሞላ ወረደ። እናቴ ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፈተችና፣ ከልብሷ ሁሉ ሥር ጥቁር ነጠላ አወጣች። ሻንጣውን ያዘጋጀችው ዓርብ፣ ከመውጣታችን በፊት ነበር።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አባትሽ ኦፍ ወስዶ ያውቃል?» አለች በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። «ወንድሜ ሁለት ቀን ይኑርልኝ ብዬ ነው። ቤት ስንገባ ይሞታል።» ነጠላውን አጣጥፋ በእጅ ቦርሳዋ ከተተች። «ለአባትሽ እንዳትነግሪው። ብዙ ደክሞበታል።»

ደጃችን ላይ መኪናዎች ተደርድረው ነበር። እናቴ አብሮ አደጓን በሩ ላይ ስታያት ጮኻ ወደቀች፤ ጩኸቷ የማስመሰል አልነበረም። አባቴ እያለቀሰ ደገፋት። ምንም ሳያውቅ፣ መርዶውን በደንብ እንዳስነገረ አምኖ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፈ።

ከእሱ በኋላ እናቴ ናዝሬት ገባች። ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ላይ ናት። ዛሬ ጠዋት ስደውል የምታስታምማት ልጅ ስልኩን አላነሣችም።

ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ ከአርቪ አከራዩ ጋር ያወራል፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። መዋሸት አይችልበትም፤ አንዴ ብጠይቀው ይነግረኛል። አልጠየቅኩትም። ስልኬን ራሴ አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ጥቁር ነጠላዬን ከሻንጣዬ ሥር አነጠፍኩ፤ ልብሱን ከላይ ደረደርኩበት።

ነገ እንሄዳለን። ጥብሱን ቢያሳርረውም እበላለታለሁ። እናቴ እስከ እሑድ ትኑርልኝ።