የእህቴ አሸዋ

የእህቴን ባል በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። «ይጨመር» ነው የሚሉት። ሥራው የጭነት ፒካፖችን ክብደት የሚሸከመውን ተጣጣፊ ብረት፣ የኋላ ባሌስትራውን ማጠናከር ነው። ሲሚንቶና ድንጋይ ሲጭን የኖረ መኪና ወገቡ ጎብጦ ጋራዡ ሲመጣ፣ ከሥሩ ገብቶ ያይና «አንድ ብረት ይጨመር» ብሎ ይወጣል። ቤትም ያው ነው። ሻዩ ላይ ስኳር ይጨመር፣ እንግዳ ሲመጣ ወንበር ይጨመር። እህቴ፣ «ሚስት ይጨመር ያልክ ዕለት ግን አንተን አያርገኝ!» ትለው ነበር።

በትርፍ ጊዜው ድንጋይ የሚያመላልስባትን የራሱን ፒካፕማ ከማንም አብልጦ ነው ያደነደናት። ድንጋይ ስትጭን ልስልስ ብላ ትሄዳለች። ባዶዋን ከሆነች ግን ጉድ ነው፤ ባሌስትራው የሚጫነው ስለሌለ አይተጣጠፍም፣ ትንሿ ጉድጓድ እንኳ ታነጥራታለች። እሱ ለምዶታል። መሪውን ይዞ ያፏጫል።

እህቴ ታመመች። በሽታው የጀርባ አጥንቷ ውስጥ ነበርና ሐኪሙ እየተመላለሰች እንድትታከም አዘዛት። ባሏ በፒካፗ ይወስዳታል። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ዞር ብሎ፣ «አመመሽ?» ይላታል።

«ደህና ነኝ፤ አንተ መንገድህን እይ።»

አንድ ቀን ጠዋት ልጠይቃት ስመጣ ግን ለባብሳ ከጨረሰች በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አልነሣም አለች።

«ሕክምናው ይቅርብኝ» አለችኝ።

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ስፈራ ደግሞ ይብስብኛል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም! ምንድን ነው የደበቅሽን?» ብዬ ጮኽኩባት።

አለቀሰች። «መንገዱ ነው፣ ወንድሜ። መኪናዋ ስትነጥር አጥንቴ የሚላቀቅ ይመስለኛል። አፈር ስሆን ለእሱ እንዳትነግረው። ስንት የደከመባት መኪና ናት።»

ለካ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ወዲያው ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ቁልፍ ይዞ ከመኪናዋ ሥር ገብቷል፤ የጨመረውን ብረት ሊፈታ ነው።

እህቴ በመስኮት፣ «እንዳትነካት! ድንጋዩን በምን ልትጭን ነው? ልጆቹ ምን ይበላሉ?» አለችው።

ከሥር ወጣና ጥቂት አሰበ። ከዚያ አካፋ አነሣ። ደጅ ለግንባታ ከተከመረው አሸዋ በጆንያ እየሞላን ፒካፗ ላይ ጫንን። ባሌስትራው ቀስ እያለ ዝቅ አለ። ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ይጨመር» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ያን ዕለት እህቴን መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ ወዲያ የሕክምናዋ ቀን በደረሰ ቁጥር አሸዋውን ይጭናል፣ ሲመለሱ ደግሞ ለድንጋዩ ሥራ ያራግፈዋል። «አሸዋውን እያዞርክ ታናፍሰዋለህ እንዴ?» ይሉታል ጎረቤቶቹ። እሱ መጫኑን ይቀጥላል።

አልዳነችም። ሣጥኗ የሚሄደው በፒካፗ ነበርና፣ በቀብሯ ጠዋት ስመጣ አካፋውን ይዞ ጆንያ ሲሞላ አገኘሁት።

«አሁንማ ምን ይሰማታል? ሰው እየጠበቀ ነው፣ ተው እንጂ!» አልኩት፤ ሐዘኑ አናድዶኝ ነበር።

«ይንጣታል» አለኝ።

ጆንያውን ያዝኩለት። ሣጥኗን በአሸዋው መሐል አስቀመጥነው።

አሸዋው መቃብሯን ለመሥራት ዋለ። ስንመለስ እኔ ልንዳ ብለው እምቢ አላለኝም። እህቴ በምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፒካፗን ከገዛት ጀምሮ ሌላ ሰው ሲነዳት፣ እሱም እዚያ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም።

መኪናዋ ባዶ ነበረች። የመጀመሪያው ጉድጓድ ከወንበሩ አስነሣው። በሁለተኛው የበሩን እጀታ ጨበጠ። እጁን አንሥቶ እጀታውን አየው፤ ላስቲኩ በጥፍር ተቦጫጭቋል። በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰው።

«እንዲህ ነበር እንዴ?» አለኝ።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማልቀስ ጀመረ።

«ቀስ በል» አለኝ፣ «በእናትህ ቀስ በል።»

በእግር የሚሄዱ ሰዎች እየቀደሙን ነበር።