የአባቴ ፎቶ ለዳኝነት ሲቀርብ

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እስራኤል ውስጥ ከምኖርባት ከቃዲማ ዞራን አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ናታንያ ከተማ ሄድኩ። ባለፈው ዓመት የሞተውን አባቴን ያነሳሁበትን ፎቶ ለአንድ የፎቶ ውድድር ልኬ ነበር። ዳኝነቱ በተመልካች ፊት ስለሚሰጥ በጆሮዬ ልሰማው ፈለግሁ። እስከ ከተማው መግቢያ መንገዱ ክፍት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ መኪናው ተቆላልፎ ብዙ ቆምን።

ኢር ያሚም፣ አራት ሰዓት

አዳራሹ በዚህ የናታንያ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ቤት ነው። ሦስት ዳኞች ከፊት ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ፎቶ በተራው ግድግዳው ላይ ይበራል፣ ያነሳው ሰው ስም አይነገርም፣ ጥቂት አስተያየት ይባልና ነጥብ ይሰጣል። አባቴ የሆስፒታል አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በመስኮት ሲመለከት የሚያሳየው ፎቶ ወጣ። አንዷ ዳኛ የመስኮቱ ብርሃን ፊቱን አጨልሞታል አለች። ሌላው ዳኛ ደግሞ የፎቶው ግማሽ ባዶ ግድግዳ ነው፣ ሰውየው በጣም ርቋል አለ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ደቂቃ ሳይሞላ የባሕር ወፍ ፎቶ ተተካ። የእኔ በመጀመሪያው ዙር ወደቀ።

ኪርያት ሀሻሮን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል

የታተመውን ፎቶ በቦርሳዬ ይዤ እዚያው ናታንያ ወዳለው ጋሽ ይርጋ ቤት ሄድኩ። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ካሜራ አያያዝ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ምስር ወጥ በዳቦ አቀረቡልኝ። ከበላን በኋላ ፎቶውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት። ዳኞቹ ያሉትን ስነግራቸው ልክ ናቸው አሉ። ተከፋሁ።

«የት ቆመህ ነው ያነሳኸው?» አሉኝ።

«በሩ ላይ።»

«ለምን አልገባህም?»

እውነቱን ነገርኳቸው። የዚያን ቀን ሐኪሙ አባቴ እንደማይድን ነግሮኝ ነበር። ለአባቴ አልነገርኩትም። ብጠጋው ከፊቴ ላይ ያነበዋል ብዬ ፈራሁ።

ጋሽ ይርጋ ፎቶውን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ያውቅ ነበር፣ ልጄ። በስልክ ነግሮኛል። አንተ እንዳትጨነቅ ብሎ ነው ዝም ያለው።»

አልቅሼ እስክጨርስ እጄን ይዘው ተቀመጡ።

ቃዲማ ዞራን፣ አሥር ሰዓት

ቤት ስደርስ ልጄ አሸንፌ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላሸነፍኩም አልኳት። ዳኞቹም ጋሽ ይርጋም ያዩት ጉድለት አንድ ነው። ዳኞቹ ግን የሚያውቁት ፎቶውን ብቻ ስለሆነ እዚያው ላይ አቆሙ። ጋሽ ይርጋ እኔን ስለሚያውቁኝ ምክንያቱን ጠየቁ።

ከዚያ ፎቶ በኋላ አባቴ አምስት ቀን ኖሯል። አምስቱንም ቀን ስለ አየሩና ስለ ሆስፒታሉ ምግብ ነበር ያወራነው።