የሽሽት ቃላት ደብተር

አባቴ በጥቂት ቃላት ስድስት ቀን ሲፈጁ ፊት ለፊት ተቀምጬ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ትዕግሥት ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። ደርግ ብሔራዊ ውትድርና ካወጀ በኋላ ነው። ከቀበሌ ለታናሽ ወንድሜ የጥሪ ወረቀት የመጣው ማክሰኞ ነበር፤ ቅረብ የተባለው ደግሞ በሚቀጥለው ማክሰኞ። ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈራችን በፊተኛው ዙር ከሄዱት ልጆች አንድም የተመለሰ አልነበረም። ስለዚህ ይሽሽ ተባለ። መንገዱም ተገኘ። ጎረቤታችን የጭነት መኪና ሹፌር ሰኞ ረፋድ ላይ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ አሰብ ይወርዳል፤ ወንድሜን ረዳቱ አስመስሎ ይወስደዋል፤ አሰብ ላይ ባሕሩን የሚያሻግር ዘመድ አለው።

የቀረው ምርቃት ብቻ ነበር። በእኛ ቤት የአባት ምርቃት ሳይቀበል መንገድ የሚወጣ የለም፤ ለፈተና እንኳ የሚኬደው ጉልበት ተስሞ ነው። ወንድሜም "አባባ ሳይመርቁኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም" ብሎ ቁጭ አለ። አባቴ ደግሞ የመጻሕፍት መምህር ናቸው፤ ሳይመረምሩ አይናገሩም። አንድ ፈረንጅ ሐኪም ከቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወደ አገሩ ሲመለስ የተወላቸውን፣ ፊደሉን ለመለየት ብቻ ዓመታት የፈጀባቸውን የዕብራይስጥና የግሪክ መዝገበ ቃላት ከሣጥን አወጡ። አዲስ ደብተር አስገዙኝ።

"መሸሽ ሁሉ አንድ አይደለም" አሉ። "የትኛው ሽሽት እንደሚመረቅ ልይ።"

ረቡዕ "ኑስ" በሚለው የዕብራይስጥ ቃል ዋሉ። ሎጥ ከሰዶም እሳት የሸሸበት ቃል ነው። "ይህ ከጥፋት መሸሽ ነው፤ ደህና ቃል ነው" አሉ።

"እንግዲያው ይመርቁታ" አልኳቸው።

"ቆይ እስቲ፣ ግሪኩ አለ።"

ሐሙስ በግሪኩ "ፌውጎ" አለፈ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት ነው። ከዚህ በላይ ምን ሽሽት ይመረቃል ብዬ ስጠብቅ፣ "እሱን መልአክ ነው ያዘዘው፤ እኛን ማን አዘዘን?" አሉኝ። ወንድሜ ጥግ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል፤ እሱም እንደሳቸው ሊያሳብደኝ ነው።

ዓርብና ቅዳሜ "ባራሕ" የሚባለው ወሰዳቸው። ዮናስ ከአምላኩ ፊት ወደ ተርሴስ የኮበለለበት። መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ልጄም ከሚገባው ነገር የሚኮበልል እንደሆነስ?" ሲሉ ደሜ ፈላ። ዮናስ የተላከው ሊሰብክ ነው፤ ይሄ ልጅ የሚላከው ሊሞት ነው አልኳቸው። እሳቸው ገጽ ገለጡ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሹፌሩ መጣ። "የኔታ፣ ለእኔ ሼሁ ዱዓ አድርገውልኝ ጨርሰዋል" አላቸው። "የርስዎ ብቻ ነው የቀረ። ኬላው ላይ የማውቀው ሰው ተረኛ የሚሆን ነገ ነው። ወላሂ ካለፈኝ አልችልም።"

አባቴ ብድግ ብለው "መንገድህን ያቅናልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ" እያሉ ሹፌሩን መረቁት። እሱን ወዲያው። ለእሱ መዝገበ ቃላት አላስፈለገም።

ሰኞ ጠዋት የወንድሜ ሻንጣ በር ላይ ቆሟል፤ አባቴ ደብተሩ ላይ አጎንብሰዋል። ትዕግሥቴ አለቀ። እናታችን ከሞተች ቆይታለች፤ ልናገር ያሰብኩትን መናገር የሚገባት እሷ ነበረች።

"አባባ፣ ያዕቆብስ?" አልኳቸው። "እናቱ ርብቃ ተነስና ሽሽ አላለችውም? አባቱስ መርቆ አይደለም የሰደደው? እሱ በየትኛው ቃል ነው የሸሸው?"

መጽሐፉን አልገለጡም። "በባራሕ" አሉ። ቀስ ብለው ተነሱና ሁለት እጃቸውን የወንድሜ ራስ ላይ ጫኑ። ምርቃቱ ረዘመ፤ እኔ ኮምቦልቻ ስለሚያደርሰን አውቶቡስ እያሰብኩ እግሬን አነሳ ጣል አደርግ ነበር። ስንደርስ የጎረቤታችን መኪና ሞተሩን አስነስቶ ነበር፤ ወንድሜን በቅጡ እንኳ ሳልስመው ወጣ።

ከባሕር ማዶ አንድ ደብዳቤ ላከ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልሰማንም።

አባቴ ካረፉ በኋላ ደብተሩን አገኘሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ የጥሪው ወረቀት በመጣበት በዚያው ማክሰኞ፣ ከኑስም ከፌውጎም በፊት "ባራሕ፤ ያዕቆብ" ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈታቸው እንዲህ ይላል፦ "ርብቃ ለጥቂት ቀን ብላ ላከችው። ዳግመኛ ስለማየቷ አልተጻፈም።"

መልሱን ከመጀመሪያው ቀን ያውቁት ነበር። ከመረቁት እንደሚሄድም ያውቁ ነበር፤ ስድስት ቀን አብሯቸው እንዲቀመጥ ነው የፈለጉት። እኔ ስድስቱንም ቀን ስጮህባቸው ነበር።