ሜላት ስታስታጥብ

መካኒሳ ካለ አንድ የሕፃናት ማቆያ ሞግዚት ሆኜ የገባሁ ዕለት ኃላፊዋ ወይዘሮ ሰላማዊት ሰማያዊ ሽርጥ ሰጡኝና፣ "እማማ ዘነቡ፣ እዚህ ልጅ አይመታም፣ አይቆነጠጥም፣ 'ጅብ መጣ' ተብሎም አይፈራራም" አሉኝ።

"ታዲያ በምን ይገራል?" አልኩ። እኔ ጅብ እየጠራሁ ነዋ ልጆቼን ያሳደግኩት! ሳቁ። "ቀስ እያልን አብረን እናየዋለን" አሉኝ።

ሥራው ወገብ ይፈልጋል። ልጅ መቀበል፣ ጫማ ማውለቅ፣ ማብላት፣ ማስተኛት። ከላፍቶ ስመጣ ታክሲው ላይ ጋቢና ካላገኘሁ እኮ ቀኑ አይቃናልኝም ነበር።

ሜላት የመጣችው አራት ዓመት ሳይሞላት ነው። ትነክሳለች። የአንዱን ክንድ፣ የሌላዋን ጉንጭ። ሞግዚቶቹ "ነካሿ መጣች" ሲሉ፣ ስሟ መስሏት ዞር ትላለች።

ወላጆች ተቆጡ። ወይዘሮ ሰላማዊት የሜላትን እናት በር ላይ ጠብቀው፣ "እስከ ዓርብ ካልተሻላት ልንይዛት አንችልም" አሏት። እናትየዋ ሕንፃ ላይ ጽዳት ነው የምትሠራው። ወደ እኔ ዞራ፣ "እማማ፣ የት ላድርጋት? ይዣት ሥራ አልገባ" አለችኝ።

የማቆያው መምህርት ሕይወት ሞግዚቶቹን ሰበሰበችን። "ለምን ትነክሳለች ከማለት፣ መቼ እንደምትነክስ እንይ" አለች። አየን። ምሳ ሲደርስ ነው፤ ልጆቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ቧንቧው ጋ ሲጋፉ፣ እሷ መሃል ስትገባ።

በማግስቱ ውሃ ጠፋ። ጆግና ሳፋ ሳወጣ ትዝ አለኝ፤ በየቤታችን እንግዳ የሚያስታጥብ ትንሹ ልጅ ነው፣ ምርቃቱንም የሚወስደው እሱ ነው። "ሜላትዬ፣ ነይ አስታጥቢ" አልኳት።

"እማማ፣ ጆጉን አናታቸው ላይ ብታሳርፍባቸውስ?" አለች አንዷ ሞግዚት።

"ከሥር እይዝላታለሁ።"

ልጆቹ ተሰለፉ። "'እደጊ' በሏት" አልኳቸው። ገና ዳይፐር ያልለቀቀው ሁሉ "እደጊ" ይላታል! ሜላት ደረቷን ነፋች። ውሃው ሲመጣም ቧንቧውን ትተን በጆጉ ቀጠልን። ሞግዚቶቹም በስሟ ይጠሯት ጀመር።

ዓርብ ዕለት ናቲ የሚባለው ልጅ ተራ ጥሶ ገፋት። ውሃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። አፏን ከፈተች። ልይዛት ስል፣ "ተራ! ናቲ፣ ተራ!" ብላ ጮኸች።

"ጎበዝ! በቃል ነገርሽው" አልኳት እዚያው። ናቲ ወደ ኋላ ተመለሰ። ተራው ሲደርስ ታጠበና፣ ፊቱን እንዳኮሳተረ "እደጊ" አላት።

ወይዘሮ ሰላማዊት ለካ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። አመሻሽ ላይ እናትየዋ አንገቷን ደፍታ ስትመጣ፣ "ሰኞ ቅያሪ ልብስ ያዢላት፤ ስታስታጥብ ትረጥባለች" አሏት።

ከዚያ ወዲያ አልነከሰችም አልልም፤ ነክሳለች። ግን እየራቀ ሄደ፣ በኋላም ቀረ።

ሽርጡን አሁን ለሌላ ሰጥቻለሁ። ለአዲስ ሞግዚቶች የምለው ይኸው ነው፦ ልጅ ሲያስቸግር መቼና የት እንደሆነ እዩ። ለዚያች ሰዓት ሥራ ስጡት። ሲሠራው ደግሞ ጎበዝነቱን እዚያው ንገሩት።