ሰማይ ጠቀስ ቤታችን

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ሰማይ ጠቀስ ቤት ውስጥ ነበር። ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ውስጥ፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ምስማር የበሳሳው አሮጌ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት ክፍል። አባቴ ነው ሰማይ ጠቀስ ያላት።

አባቴ ቀለም ቀቢ ነበር። የሰው ቤት ሲቀባ ውሎ ማታ እጁን በነጭ ጋዝ እያሸ ይገባል፤ እስከ ዛሬ ነጭ ጋዝ ሲሸተኝ እሱ የገባ ይመስለኛል። ለቤታችን ዕቃ ሁሉ ስም ማውጣት ይወድ ነበር። ካልተመታ የማይናገረው ሬዲዮናችን «በቅሎዋ» ነበር። ሰው ሁሉ ግድግዳ ተለጥፎ «ይለፉ፣ ይለፉ» የሚባባልበትን መንገዳችንን «ይለፉ ጎዳና» ይለዋል። እሑድ ከሰዓት አልጋው ላይ ጋደም ብለን በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን እናያለን። ደመና ሲያልፍ ብርሃኑ ጥፍት ይልና ተመልሶ ቦግ ይላል። «አየሽ፣ ሰማዩ ጠቀሰሽ» ይለኛል። እኔም በአንድ ዓይኔ መልሼ እጠቅሰዋለሁ። ሰማይ የሚጠቅሰው ቤት ሰማይ ጠቀስ መሆኑን ለመረዳት አስተማሪ አላስፈለገኝም።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የአማርኛ አስተማሪያችን «ሰማይ ጠቀስ» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈና ዐረፍተ ነገር ሥሩበት አለን። የማውቀው ቃል! «ቲቸር እኔ፣ ቲቸር እኔ» እያልኩ ጣቴን አፍንጫው ውስጥ ልወትፍ ምንም አልቀረኝም። ተነሥቼ «እኛ የምንኖረው ሰማይ ጠቀስ ቤት ውስጥ ነው» አልኩ።

ከኋላ የተቀመጠችው የጎረቤታችን ልጅ መቅደስ አስተማሪውን ቀደመችው። «ቲቸር፣ የነሱ ቤት እኮ የጭቃ ነው። ሲዘንብ ያፈሳል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው ግን አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። «ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖሩት?» አለኝ ረጋ ብሎ። ሰማይ ጠቀስ ማለት በጣም ረጅም ፎቅ እንደሆነ፣ ሜክሲኮ ሄጄ አንጋጥጬ ማየት እንደምችል ነገረኝ። እኔም አልተበገርኩም፤ «አባቴ ነው ያለኝ» አልኩ። መዋሸት እንዳልበቃኝ በአባቴም ማሳበቤን ነግሮኝ ነገ ይዘሽው ነይ አለኝ።

የሚገርመው፣ ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤት የሮጥኩት። አባቴ መጥቶ የደመናውን ነገር ሲያስረዳቸው፣ በዓይኑ ጠቀስ እያደረገ ሲያሳያቸው፣ ክፍሉ በሙሉ ከኛ ጋር ሲስቅ ታየኝ። ለአባቴ «ቲቸር ይፈልግሃል» ብቻ አልኩት። ምክንያቱን ድንገት ቢሰማው የበለጠ ያምርበታል ብዬ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ አቋርጦ፣ ቀለም በተረጨበት ልብሱ መጣ። አስተማሪው ውጭ አላነጋገረውም፤ ጎትቶ እፊታችን አቆመው።

«አባት፣ ልጅዎ ቤታችን ሰማይ ጠቀስ ነው ትላለች። እርስዎ ነዎት እንዲህ ያስተማሯት?»

ልጆቹ አፋቸውን አፍነው ተንፈቀፈቁ። አባቴ ሰሌዳውን አየ። ልጆቹን አየ። ነጠብጣብ የሞላበትን ጫማውን አየ። እኔ ፈገግ ብዬ እየጠበቅሁት ነበር።

«ኧረ እኔ አላልኳትም» አለ። «ልጅ ናት፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ።»

አስተማሪው ወደኔ ዞሮ «ሰማሽ?» አለኝና አንበረከከኝ። አባቴን ከሥራ ስላስቀረው ይቅርታ ጠይቆ እስከ በሩ ሸኘው። አባቴ በአጠገቤ ሲያልፍ የልብሱ ጫፍ ትከሻዬን ነካኝ። ጎንበስ ብሎ አላየኝም። እሱ ከወጣ በኋላ እስኪደወል ድረስ ተንበርክኬ ቆየሁ፤ ጉልበቴ ግን ትዝም አላለኝ። ያቃጠለኝ፣ ውሸታም እኔ አለመሆኔን የሚያውቀው ሰው በር ከፍቶ መውጣቱ ነው።

ከዚያ በኋላ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስሜ «ሰማይ ጠቀስ» ሆነ። ከክፍሉ አጭሯ እኔ ስለነበርኩ ስሙ ይበልጥ ጣፈጣቸው። ቤት ውስጥ ስለዚያ ቀን ያነሳ የለም። አባቴ በሳምንቱ ካትራሜ ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣና ቀዳዳውን አንድ ሳያስቀር ደፈነው። ክረምቱን አላፈሰሰብንም፤ እናቴም መረቀችው። እኛም በቀን አምፖል ማብራት ጀመርን። ሬዲዮኑ ሬዲዮን፣ መንገዱም መንገድ ሆኖ ቀረ። አባቴ ሁለተኛ ለምንም ነገር ስም አላወጣም፤ እኔም እንዲያወጣ አልጠየቅሁትም።

አድጌ ቃሉን በደንብ ተማርኩት። ዓይን ይጠቅሳል። ሰው ሰውን በስም ይጠቅሳል፣ ጸሐፊ መጽሐፍ ይጠቅሳል። ፎቅ ደግሞ ሰማይን ይጠቅሳል፤ ጫፉ ሰማዩን ነካ ያደርገዋል ለማለት ነው። አስተማሪው ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ያ መንደር ፈርሶ አባቴ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሶታል። መቅደስም የት እንዳለች አላውቅም። ቤታችን የነበረበት ቦታ አሁን መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል፤ እውነተኛው፣ አስተማሪው የነገረኝ ዓይነት። በቀደም ከአባቴ ጋር አብነት ሰፈር ዘመድ ጠይቀን በሚኒባስ ወደ ሜክሲኮ ስንሄድ በአጠገቡ አለፍን። መስኮቱ በኩል የተቀመጠው እሱ ነበር።

«አባዬ፣ የኛ ቤት እኮ እዚህ ጋ ነበር» አልኩት።

አንጋጦ አየው። ጫፉን ለማየት አንገቱን ብዙ ማጠፍ ነበረበት።

«ምን ይሉታል እንዲህ ያለውን ቤት?» ስል ጠየቅሁት። ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ሆኖብኝ አፈርኩ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የፈለግሁት። «ብዬሽ ነበር» ቢለኝ ይበቃኝ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ልተወው ዝግጁ ነበርኩ።

አባቴ ዓይኑን ከፎቁ ላይ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን አየ። ቀለም ከለቀቃቸው ቆይቷል። ከዚያ ቀና አለና ረዳቱን «ወራጅ አለ» አለው።

ሜክሲኮ ገና ነበር።