ስድብ የናፈቃቸው አስታራቂ

በኩዱጉ ከተማ ባባ ቶኤ ያላስታረቁት ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እሳቸው ከሳሞ ብሔረሰብ ናቸው፤ እኛ ደግሞ ከሞሲ። ከአያቶች በወረደ የቀልድ ወግ ሳሞና ሞሲ ሲገናኙ ሳይሰዳደቡ አያልፉም፤ በዚያ ስድብ የሚቀየም ሰው ራሱን ያስገምታል። አንድ ሳሞ መሃል ገብቶ «ተዉ» ካለ ደግሞ እምቢ ማለት ነውር ነው። ጠበቃ ዓመት ሙሉ የሚያጉላላውን ክስ ባባ ቶኤ «እናንተ ሎሌዎቼ፣ ማን ፈቅዶላችሁ ነው የተጣላችሁት?» ብለው ይጀምሩትና ተከራካሪዎቹን አስቀው ይጨርሱታል።

የልብ ጓደኛቸው አማቴ፣ የባሌ አባት ራስማኔ ነበሩ። አማቴ ብስክሌት የሚጠግኑበትን ሱቅ ማለዳ ሲከፍቱ ወደ ቶኤ አጥር ዞረው፣ «አንተ ውሻ በሊታ፣ አልሞትክም?» ይላሉ።

«አንተን ሳልቀብር?» ይመጣል መልሱ። ሰፈራችን የሚነቃው በነሱ ነበር።

አማቴ ሲሞቱ ወጉ የሟቹን ቆብ ደፍቶ፣ አነጋገሩን አስመስሎ ለቀስተኛውን ማሳቅ ነበር። ይህ የሳሞ ሥራ ነው። የስንቱን ሞሲ ቀብር ያሳቁት ባባ ቶኤ ግን ያን ቀን ቆቡን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ዋሉ። «አልቻልኩም ልጄ» አሉኝና ቆቡን ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሌላውን ሲያስታርቁ እንኳ ፊታቸው አይፈታም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ባሌ ኢሳካና ታናሽ ወንድሙ ኑፉ በአባታቸው ሱቅ ተጣሉ። ባሌ ፍርድ ቤት ሊከስ ተነሣ፤ ኑፉ ግቢውን ለሁለት ሊከፍልበት ብሎኬት አስመጣ። የኑፉን ሚስት እንደ እህቴ ነው የምወዳት። ከእንግዲህ በግንብ ላይ ልንጣራ ነው ብዬ አንጀቴ አረረ። ሁለቱን ደንቆሮዎች ትቼ ባባ ቶኤ ዘንድ ሮጥኩ።

የአማቴን ቆብ ደፍተው መጡ። ብሎኬቱ ላይ ተቀመጡና በአማቴ ድምፅ፣ በዚያ ከአፍንጫ በሚወጣው፣ «ኢሳካ! ገንፎውን ዛሬም ለታናሽህ ሳታስቀር ጨረስከው?» አሉ።

መጀመሪያ ኑፉ ሳቀ። ባሌም ሊስቅ ጀመረና ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረበት። ኑፉ ትከሻውን ያዘው።

«ሱቁ የሁለታችሁ ነው» አሉ ባባ ቶኤ በራሳቸው ድምፅ። «አንዳችሁ ይጠግን፣ አንዳችሁ ጎማ ይሽጥ። በብሎኬቱ የዶሮ ቤት ሥሩበት።»

«እሺ ባባ። ለድካምዎ ምን እናምጣልዎ?» አለ ባሌ።

ባባ ቶኤ ቆቡን አውልቀው አዩት። «ራስማኔ ከሄደ ወዲህ የሚሰድበኝ የለም። ጠዋት ጠዋት ናፍቆት ሊገድለኝ ነው። ሱቁን ስትከፍቱ እንደ አባታችሁ ስደቡኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

በማግስቱ ባሌ አጥሩ ሥር ቆመ፤ እኒያን ሽማግሌ ብቻውን እንዴት ይስደብ? ተመልሶ ኑፉን ቀሰቀሰው። ጎን ለጎን ቆመው ባንድ አፍ ጮኹ፤ «አንተ ውሻ በሊታ፣ አልሞትክም?»

የባባ ቶኤ ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ፤ «ቀበርኩህ እኮ፣ ራስማኔ። እስቲ ድገምልኝ።»

ደገሙላቸው።